ገብሱ እንዴት ሆነ?

እንዲህ ያለውን የሥራ ትዝታ የሚጽፉት ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው። መነጽራቸውን ያደርጋሉ፣ ይተክዛሉ፣ «በእኛ ጊዜ» ይላሉ። እኔ ገና ሠላሳ አልሞላኝም። ግን ከመስኮቱ ተነስቻለሁ፤ ተመልሼም የምቀመጥበት አይመስለኝም። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ የማውቀው ዓለም ያ የገንዘብ ከፋይ መስታወት ነበር፤ ከጀርባው ሆኜ ግማሽ አርሲን አይቻለሁ። ስለዚህ ልጻፍ፣ ማንም ባይጠይቀኝም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። ስሞቹን ሁሉ ቀይሬያለሁ። ሳጉሬ ያልኩት ሌላ ከተማ ሊሆን ይችላል፣ ገብስ ያልኩትም ስንዴ። ለማሳመር ብዬ አይደለም። ፈርቼ ነው።

አሁን የምቀመጠው አሰላ ቅርንጫፍ፣ ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ሥራው ኮምፕላያንስ ይባላል። በአማርኛ ሙሉ ስሙ «በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን መከላከል» ነው፤ እኔ ተናግሬ ሳልጨርስ ሰው ሌላ ወሬ ይጀምራል። ቦታው ገና አልጸናልኝም። አዲስ አበባ ሄጄ የሙያ ማረጋገጫ ፈተናውን ማለፍ አለብኝ። ዲግሪ ያላቸው ባልደረቦች ነበሩን፣ ደመወዙም ትንሽ ከፍ ይላል፣ አንዳቸውም ግን አልፈለጉትም። ለምን አልፈለጉትም ብሎ የሚጠይቅ ሰው ትንሽ ከተማ ኖሮ አያውቅም።

የፈተናው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነው። ስልኬ ላይ መዝገበ ቃላት ከፍቼ ድንጋይ እንደሚለቅም ሰው አንዳንድ ቃል እየለቀምኩ አነበዋለሁ። ሌላውን ሁሉ ደጋግሜዋለሁ። አንድ ምዕራፍ ብቻ አልገፋ አለኝ። ያ ምዕራፍ፣ አንድን ደንበኛ ለሚመለከተው አካል ሪፖርት ካደረግሽ በኋላ ሪፖርት መደረጉን እንዳያውቅ ተጠንቀቂ ይላል። በቃል አትንገሪው፣ በጽሑፍ አትንገሪው፣ በሁኔታሽም አታሳውቂው። «በሁኔታሽ» የምትለው ጋ ስደርስ እጄ ይቀዘቅዛል። መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች ሪፖርት ካደረጉት ሰው ጋር አጥር የሚጋሩ አይመስለኝም። እኔ ሪፖርት ያደረግኩት ሰውዬ ከእናቴ ጋር አጥር ይጋራል።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሥራ የጀመርኩት ተወልጄ ባደግኩበት ሳጉሬ ነው። ተቋማችን ያኔ ብድርና ቁጠባ ነበር፤ ባንክ የሆነው በኋላ ነው። የሒሳብ ኃላፊው ጋሽ ኢብራሂም ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ሹራብ የሚለብሱ ሰው። በመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተሩን ያሳዩኛል ብዬ ስጠብቅ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና፣

«እስቲ ሰላምታ አሳዪኝ» አሉኝ።

«ምን?»

«ሰው መጣ። ምን ትዪዋለሽ?»

«ምን ልታዘዝ እላለኋ።»

«እሱ ሆቴል ነው፣ ኢንተላ።» ኦሮምኛ ሲመጣባቸው እንዲህ ነው የሚጠሩኝ፣ ልጅት ማለት ነው።

ከዚያ ተራው የደረሰውን ገበሬ ራሳቸው ተቀበሉት። «አካም ጂርቱ፣ ፈያዳ» ብለው ጀመሩ። ቤቱን ጠየቁት፣ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን፣ እህሉን። ቀጥላ የመጣችው የከተማ ሴት ነበረች፤ እሷንም በአማርኛ ያንኑ፣ በዚያው ተራ፣ በዚያው ርዝመት። ሰልፉ በር ደርሷል። እኔ ደግሞ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ፤ እግሬ ከወንበሩ ሥር ይደንሳል።

«ጋሽ ኢብራሂም፣ ሰው እኮ ቆሟል።»

«ይቁም። ሰላምታ ለማንም አታሳጥሪ፣ ለማንም አታስረዝሚ።»

ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። ሥራ የሚያስተምሩት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ያሠሩሻል፣ ምክንያቱ ቆይቶ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

«ይህ ገንዘብ ከየት መጣ?» ብለው ሲጠይቁም ሰምቼ አላውቅም። እንዲህ ብለሽ የጠየቅሽው የሳጉሬ ሰው ሌባ አልሽኝ ብሎ ሽማግሌ ይልክብሻል። እሳቸው የሚሉት «ገብሱ እንዴት ሆነ?» ነው። ሰውየው ራሱ ይዘረግፈዋል፤ ስንት ጆንያ እንደሸጠ፣ ለማን፣ ቀሪውን ለምን እንዳስቀመጠ። እሳቸው እየሰሙ ብሩን ያዩታል። የገበያ ብር ከጆንያ አጠገብ ስለሚከርም ይለሰልሳል፣ እጥፋቱ ውስጥ እብቅ ይገኛል፣ ሽታውም የጎተራ ነው። የሰውየውን ኮሌታ ያያሉ፤ እህል ሲያስጭን የዋለ ሰው አንገቱ ላይ አቧራ አያጣም። ወሬው፣ ብሩና ኮሌታው ከተስማሙ ማኅተማቸውን ያሳርፋሉ። ካልተስማሙ ምንም አይሉም፤ ሰላምታውን ጨርሰው፣ አመስግነው፣ ሰውየው ከወጣ በኋላ ብዕር ያነሳሉ።

አንድ ቀን፣ «የእህል ነጋዴ ለምንድን ነው ሁልጊዜ የሚያማርረው?» አልኳቸው። ዘነበ ይላል፣ አልዘነበም ይላል፣ ዋግ የሚሉት የእህል በሽታ መታው ይላል፣ ውርጭ ይላል። ከት ብለው ሳቁ።

«ካላማረረ ዋጋ ይሰበርበታላ! ደህና ነው የሚል የእህል ነጋዴ ያገኘሽ ቀን መጥተሽ ንገሪኝ።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ከሳጉሬ ኦጎልቾ ተዛወርኩ። ቆላ ነው፤ ከሳጉሬ ብርድ የመጣ ሰው እዚያ በሸሚዝ ይቀልጣል። ሥራ አስኪያጁ ደንበኛ ይቀየማል ብሎ ከመፍራቱ የተነሳ ለማንም እንደተሽቆጠቆጠ ይውላል፤ ሪፖርት የሚል ቃል ሲሰማ በሩን ይዘጋል። አጠገቤ ያለው መስኮት ላይ ኩመላ የሚባል ልጅ ነበር። እንደሱ ተሳዳቢ አላየሁም፤ ሰው ደግሞ ለመሰደብ ሲል ይሰለፍለታል። ሽማግሌውን «አንተ ጎረምሳ»፣ ሀብታሙን «አንተ ደሃ» እያለ ሲያስቅ ይውላል።

ከደንበኞቹ አንዱ የቲማቲም ነጋዴ ነኝ የሚል ሰውዬ ነበር። የቀን ሠራተኛ ልጆችን እያመጣ አካውንት ያስከፍታቸዋል፣ ካርዶቹን ግን እሱ ኪሱ ይከታል። ልጆቹ በሕይወታቸው አይተውት የማያውቁት ገንዘብ በስማቸው ይገባል፣ ወዲያው ይወጣል። ኩመላ አየው፣ ሥራ አስኪያጁን አልፎ ለዋናው መሥሪያ ቤት ሪፖርት አደረገ። ትክክል ሠራ። እስከዚህ ድረስ እንከን የለውም።

በማግስቱ ሰውየው መጣ። ኩመላ አጎንብሶ፣ «እንደምን አደሩ ጌታዬ» አለው። እኔ አጠገቡ ብር እየቆጠርኩ ነበር፤ ቆጠራው ጠፋኝ።

ሰውየው መስታወቱ ላይ በክርኑ ተደገፈ። «ኩመላ፣ ምነው ዛሬ አልሰደብከኝም?»

«አይ፣ ሥራ በዝቶ ነው፣ ጌታዬ።»

«ጌታዬ?» አለ ሰውየው። ሌላ ቃል አልጨመረም። ኩመላን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ወደ ሥራ አስኪያጁ በር አየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወጣ። በዚያኑ ቀን በልጆቹ ስም የነበረው ሁሉ ተጠራርጎ ወጣ፣ ሰውየውም ኦጎልቾ ውስጥ ዳግም አልታየም። ኩመላን ግን መንገድ ላይ ጠብቀው ክንዱን ሰበሩት። እነማን እንደሆኑ አልታወቀም። ልጠይቀው ሆስፒታል ስሄድ ለማሳቅ ሞከረ፤ «አንቺ አስቀያሚ፣ ሙዝ እንኳ አልያዝሽም?» አለኝ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ሥራውን ለቆ ወደ ወላጆቹ አገር ገባ፤ ስደውልለት አሁን አያነሳም።

የጋሽ ኢብራሂም ሰላምታ ምክንያቱ የመጣልኝ ያን ቀን ነው። ኩመላን ያስያዘው ጨዋነቱ ነው። ሰውን በየቀኑ የምትሰድቢው ከሆነ፣ ሪፖርት ባደረግሽው ማግስት መስደብ አለብሽ፤ ያውም በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ፈገግታ። ከዚያ ወዲህ ፍርሃት ከእኔ ጋር ይበላል፣ ከእኔ ጋር ይተኛል።

አሰላ ስዛወር ጋሽ ኢብራሂም ቀድመውኝ መጥተው የኮምፕላያንሱን ክፍል ይዘዋል። ሹራቡም እሱ ራሱ። ደስ አለኝ። እሳቸው ካሉ ክፉ ነገር የሚደርስብኝ አይመስለኝም ነበር።

ከዚያ ጋሽ ደምሴ መምጣት ጀመሩ።

ጋሽ ደምሴ የሳጉሬ እህል ነጋዴ ናቸው፣ የእናቴ ጎረቤት፣ የሰፈራችን እድር ዳኛ። አባቴ ሲሞት ድንኳኑን ያስተከሉት፣ እናቴን ደግፈው ከመቃብር የመለሱት እሳቸው ናቸው። ልጅ ሆኜ በአጥራቸው ሾልኬ በቆሎ ስሰርቅ «ይቺ ምላሷ ረዘመ፣ እጇም ረዘመ» እያሉ ይስቁ ነበር። ሳጉሬ ውስጥ ቅርንጫፍ እያለ አሰላ ድረስ መምጣታቸውን እንደ ናፍቆት ቆጠርኩት። ገንዘቡ ግን በዛ። አዲስና ጠንካራ ብር ነው፣ እጥፋት የለውም፣ ጎተራ ጎተራ አይሸትም። ገና ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ ደግሞ የእህል ንግድ ወደማያውቃቸው ሩቅ ከተሞች ለማላውቃቸው ሰዎች ይተላለፋል። ጊዜው ክረምት ነው፤ ማሳው ሁሉ ገና ቡቃያ ነው። ኮሌታቸው ነጭ ነው።

እንደለመድኩት ቤቱን፣ ላሞቹን፣ ጉልበታቸውን፣ የእናታቸውን ጤና ጠየቅኩ። መጨረሻ ላይ፣

«ገብሱ እንዴት ሆነ፣ ጋሽ ደምሴ?» አልኩ።

«ደህና ነው» አሉ።

ደህና ነው! ስለ ዝናቡ የለም፣ ስለ ዋጋው የለም። እርግማን የለም፣ አቤቱታ የለም። ደግሜ በሌላ ቀን ጠየቅኩ፤ ደህና ነው። በሦስተኛውም ደህና ነው። ሰውየው ስለ ገብስ ማሰብ ካቆሙ ከርመዋል።

ለጋሽ ኢብራሂም ነገርኳቸው። አልሳቁም። «ጻፊው» አሉኝ። ጽፌ አመጣሁ። አነበቡትና፣ «የምታውቂውን ነው የጻፍሽው ወይስ የምትፈሪውን?» አሉ። ሄጄ እንደገና ጻፍኩት። የማውቀው ሲቀር በጣም አጠረ፤ ግን የሚያስደነግጥ ነበር። ከመላኩ በፊት በሩ ላይ ቆምኩ።

«አባቴን የቀበሩት ሰው ናቸው፣ ጋሽ ኢብራሂም።»

«አውቃለሁ።»

«እናቴ እዚያ ብቻዋን ናት።»

«እሱንም አውቃለሁ፣ ኢንተላ። ንጹሕ ከሆነ አጣርተው ይተዉታል። አይላክ ካልሽ አልልክም። ንገሪኝ።»

ላኩት አልኩ። ሪፖርቱ ከዚያ ወዲህ ምን እንደደረሰ አላውቅም። ለላከው ሰው አይነገርም። የሥራው ጠባይ እንዲህ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ ትጥያለሽ፣ ድምፁን ግን አትሰሚም።

ጋሽ ኢብራሂም ጡረታቸው ደረሰ፣ ቦታው ለእኔ ተሰጠኝ፣ ፈተናውን ማጥናት ጀመርኩ። እኔ ከመስኮት ስጠፋ ጋሽ ደምሴ ምን ያስቡ ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል እናቴ ደወለች።

«የደምሴ እናት አረፉ። መቼ ትመጫለሽ?»

«እማዬ፣ ፈተና አለብኝ እኮ...»

«ምን ያለች ናት! አባትሽን ማን ነው የቀበረው? ሰው ምን ይለኛል?»

ስልኩን ዘግቼ በቀጥታ ጋሽ ኢብራሂም ቤት ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ እየሰሙ ነበር። አልሄድም፣ የጋሽ ደምሴን ዓይን ማየት አልችልም፣ ታምሜያለሁ እላለሁ ብዬ አወረድኩት። ሬዲዮውን አጠፉ።

«ለቅሶ የቀረሽ ቀን ነገርሽው ማለት ነው» አሉ። «ኩመላ ቢያንስ እንደምን አደሩ ብሏል። አንቺ ልትቀሪ ነው?»

«እፈራለሁ።»

«ፍሪ። ማን አትፍሪ አለሽ? ፈርተሽ ሂጂ።» ከዚያ ሹራባቸውን አነሱ። «ነይ፣ እኔም ሳጉሬ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ የማልደርሰው ለቅሶ የለም።»

በሚኒባስ ሄድን። መንገዱን ሙሉ ጭጋግ ነው፤ ከፊታችን ያለው አይሱዙ እንኳ በመብራቱ ነው የሚታወቀው። ረዳቱ ያፏጫል፣ እኔ መስኮቱ ላይ ግንባሬን አስደግፌ የጥርሴን መንገጫገጭ እደብቃለሁ። ጋሽ ኢብራሂም አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ፤ «እንደ ወትሮሽ ሁኚ» አሉኝ። እንደ ወትሮዬ ማለት ምላሴን ያለ ልጓም ማለት ነው። ትሕትና ከእኔ ማንም አይጠብቅም።

ድንኳኑ ሙሉ ነበር። ጋሽ ደምሴ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መሃል ተቀምጠዋል። አለቀስኩ፤ እውነተኛ ለቅሶ ነበር። ለሟቿ ይሁን፣ ለአባቴ ይሁን፣ ለራሴ ይሁን አልለየሁም። ስጨርስ እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ንፍሮ በሳህን ዞረ። አንዷ ፍሬ አፌ ውስጥ ብዙ ቆየች።

«መሲ፣ ከመስኮቱ ጠፋሽ» አሉኝ።

«ወደ ኋላ አስገቡኝ፣ ጋሽ ደምሴ። ፈተና አለብኝ፣ እያጠናሁ ነው።»

«የምን ፈተና?»

በዙሪያችን ያሉት ጆሯቸውን ሰጡ። እናቴ ከሴቶቹ መሃል በኩራት ታየኛለች። ጋሽ ኢብራሂም ጥግ ላይ ሳህናቸውን ያያሉ። መዋሸት እችል ነበር፤ ግን ውሸት እንደማይሆንልኝ መላ ሳጉሬ ያውቀዋል፣ ፊቴ ይቀላል። አፌ ራሱ ተከፈተ።

«የሌባ ብር መለያ ፈተና ነው።»

ድንኳኑ ውስጥ፣ ለቅሶ መሆኑን ረስቶ፣ አንድ ሽማግሌ ፍርፍር ብለው ሳቁ። «እንግዲያው ሳጉሬ አለቀላት በሉኛ!»

«እኔንስ ትይዢኛለሽ?» አሉ ጋሽ ደምሴ። ፈገግ ብለዋል። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ከለቅሶ ይሁን ከሌላ ማወቅ አልቻልኩም።

«እርስዎንማ መጀመሪያ ነው!» አልኩ። «በበቆሎው እጇ ረዘመ ያሉኝን መች ረሳሁት?»

ሁሉም ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ፣ ነጠላቸው እስኪንሸራተት። እኔ ብቻ ከነጠላዬ ሥር ጉልበቴን በሁለት እጄ ይዤዋለሁ፤ ብለቀው ድንኳኑን ይዞ የሚሄድ መሰለኝ።

ስንወጣ እስከ አስፋልቱ ሸኙን። እምቢ ብንልም እምቢ አሉ። ጋሽ ኢብራሂም ሚኒባስ ሊያስቆሙ ቀደም ሲሉ ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ ጠጋ አሉና፣ ሳልጠይቃቸው፣

«ገብሱም ዘንድሮ ጉድ አደረገን፣ መሲ» አሉኝ። «ዋግ ጨረሰው። ዝናቡ ያለ ጊዜው መጥቶ አጋደመው። ብቅል ገዢዎቹም ፍሬው ቀጭን ነው ብለው መለሱብኝ። ምን እንደምንሆን እንጃ።»

አማረሩ። ረዘም አድርገው፣ አሳምረው፣ ልክ የእህል ነጋዴ እንደሚያማርረው። እኔ «አይዞዎት» እያልኩ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ከአንገቴ በታች ግን በድን ሆኛለሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ ሒሳብ ተቀብሎ ካለፈ በኋላ ጋሽ ኢብራሂም፣ «ምን ይልሽ ነበር?» አሉ።

«ስለ ገብሱ። አማረሩ።»

«ብዙ?»

«ብዙ።»

ወደ ማሳው አዩ። ጭጋጉ ተነስቶ ነበር። «ዘንድሮ እውነትም ዋግ አለ» አሉ። «ሁሉም ያማርራል።»

«ታዲያ ያውቃሉ ወይስ አያውቁም?»

«ይህን እኔም አላውቅም፣ አንቺም አታውቂም። ሳታውቂ መኖር ነው ሥራው። እኔ ስንት ዓመት እንዲህ የኖርኩ ይመስልሻል?» አሉና ሹራባቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡት። ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት፤ ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጣሉ። በርዷቸው አልነበረም። እኒህ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲፈሩ ኖረዋል፤ እኔ እርጋታ ብዬ ያየሁት ሁሉ የተጠና ፍርሃት ነው።

ፈተናው ቀርቧል። ያን ምዕራፍ አሁን አንብቤ ጨርሼዋለሁ፤ እጄ እየቀዘቀዘ። ቅዳሜ፣ እንደ ሌላው ቅዳሜ ሁሉ፣ እናቴ ጋ ሄድኩ። ጋሽ ደምሴ በራቸው ላይ ቆመው ነበር፤ እኔን ይጠብቁ ወይም ዝም ብለው ይቁሙ አላውቅም። ቤቱን ጠየቅኩ። ላሞቹን ጠየቅኩ። ጉልበታቸውን ጠየቅኩ። የእናታቸውን ነፍስ ይማር አልኩ። ከዚያ፣

«ገብሱ እንዴት ሆነ፣ ጋሽ ደምሴ?»

ትክ ብለው አዩኝ።

«እስቲ አንቺ ንገሪኝ» አሉ።

ውሻው ጮኸ። ከአጥሩ ወዲያ እናቴ ስሜን እየጠራች ነው፣ ምሳ ቀረበ እያለች። መሮጥ ፈለግኩ። እግሬ ሁልጊዜ መሮጥ ይፈልጋል።

«ዋግ አለ ይላሉ» አልኩ። «ዝናቡም አጋደመው ሲሉ ሰማሁ። እግዜር ያውቃል።» ትንፋሼን ሳብኩ። ስለ ልጆቻቸው ገና አልጠየቅኩም ነበር። ጠየቅኩ፣ በትልቁ ጀምሬ፣ አንዱንም ሳልዘል፣ በስማቸው።